የተሾመች እጅና የመኩሪያ ማሽን

ተሾመች ስትናደድ አትጮኽም። ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ይሰበሰባል፣ በእጇ የያዘችው መርፌ ደግሞ ይፈጥናል። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሰፈር በሙሉ ይህን ጠባይዋን ያውቃል። የማያውቀው ባሏ መኩሪያ ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አብሯት ኖሮ እስከ ዛሬ «ዝም ካለች ደህና ናት» ብሎ ያምናል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ሞተር ድምፁን በትንሹ ከቀየረ ከእንቅልፉ ባንኖ ይነሳል። የሚስቱ ድምፅ ሲቀየር ግን ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል።

ሥራዋ ጥልፍ ነው። የሙሽራ ቀሚስ፣ የሚዜ ነጠላ፣ አንዳንዴም የካህን ካባ ትጠልፋለች። ከጅሩ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሙያውን የተማረችው ያስጠጋቻት አክስቷ ዘንድ ነው። አሁን አርባ ስምንት ሞልቷታል፤ ዓይኗ ግን ገና መነጽር አልጠየቃትም፣ ጥር ላይ ልጅ የሚድሩ እናቶችም ከነሐሴ ጀምረው በሯን ያንኳኳሉ። መኩሪያ ጡረታ ከወጣ፣ ልጃቸው ሚሳኤልም ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ላይ ከሆነ ወዲህ የዚያ ቤት እንጀራ የሚወጣው ከእሷ መርፌ ነው። ይህንን በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የለም።

ታዲያ ባለፈው ነሐሴ የቀኝ እጇ ጣቶች ተሰነጣጠቁ። መጀመሪያ ማሳከክ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቆዳው ደርቆ ተላጠ፤ ከዚያ በየአንጓው ላይ እየተሰነጠቀ ደም ማውጣት ጀመረ። ቫዝሊን ቀባች፣ ቅቤ ቀባች፣ ሬትም ሞከረች። ሲብስባት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ እጇን አገላብጣ አየችና «እናቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ዕቃ ያጥባሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ እኔስ ከማጠቢያው የምነሳው መቼ እንደሆነ ንገሪኝ» አለች ተሾመች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ችፌ እንደሆነ፣ ሳሙናና በረኪና እንደሚያባብሰው፣ የላስቲክ ጓንትም ውስጡ ላብ ስለሚያጠራቅም እንደማይረዳት ነገረቻት። ቅባት ጻፈችላትና «ሦስት ወር እጅዎ ውሃና ሳሙና እንዳይነካ። ካልሆነ ግን መርፌ መያዝ ያቅትዎታል፤ ከዚያ በኋላ እኔም የምችለው ነገር የለም» አለቻት።

ቤቷ ገብታ ይህንኑ ቃል በቃል ተናገረች። መኩሪያ ዜና እያየ ነበር።

«ጓንት አድርጊ» አለ።

«ጓንት ያባብሰዋል ተብያለሁ።»

«ወፍራሙን አድርጊያ።»

ሚሳኤል ግን ልቡ ደህና ነው፤ ከሶፋው ብድግ ብሎ «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ አጥባለሁ፤ አንቺ ዘና በይ» አላት። ሁለት ቀን አጠበ። እሱ ያጠበው ሳህን ፊቱ ያበራል፣ ጀርባው ሲነኩት ያሟልጫል። ሽሮ የያዘውን ድስት ደግሞ «ይርጠብ» ብሎ ውሃ ሞልቶበት ከማጠቢያው ሥር አስቀመጠው። ድስቱ ሦስት ቀን ረጠበ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ፤ ሳህኑ ተከመረ፤ መኩሪያ፣ ውሃ በጠጣ ቁጥር አዲስ ብርጭቆ የሚያነሳው መኩሪያ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ «በዚህ ቤት ብርጭቆ አለቀ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ተሾመች እጅጌዋን ሰብስባ አጠበች። ምን ታድርግ፣ ዝንብ ወረረው እኮ።

በማግስቱ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ደረት ላይ ሐረግ እየጣለች ሳለ ጠቋሚ ጣቷ ላይ ያለው ስንጥቅ ተከፈተ። እሷ አላየችውም። ያየችው ነጩ የመነን ጨርቅ ላይ ሦስት ቀይ ነጠብጣብ ሲወጣ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨው፣ በሎሚ ለማስለቀቅ ሞከረች፤ ነጠብጣቡ ደብዝዞ ቀረ እንጂ አልጠፋም። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ዘርግታ አይታ «ደም? በልጄ የሰርግ ልብስ ላይ ደም?» ብላ አማተበች። የሃያ ቀን ሥራ መና ቀረ። ተሾመች ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻትና በሩን ዘግታ ብግን አለች። ሴትየዋ ላይ አይደለም። የተናደደችው በዚያ ድስት፣ በዚያ ብርጭቆ፣ «ወፍራሙን አድርጊያ» ባለው አፍ ላይ ነው።

መስከረም ላይ ዕቁቧ ወጣላት። ለማንም ሳትናገር ለቡ መብራት ኃይል ወጣች፤ እዚያ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብ የቤት ዕቃውን እየሸጠ መሆኑን ሰምታ ነበር። ብዙም ያልተሠራበት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዛች። የቤቱ እመቤት አጠቃቀሙን አንድ በአንድ አሳየቻት፤ ሳህኑ እንዴት እንደሚደረደር፣ ጨውና ሳሙናው የት እንደሚገባ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን። ተሾመች በቃሏ ያዘችው። በአሮጌ ፒክአፕ አስጭና አመጣችው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርታም ከጊቢው ሮቶ ጋር አስቀጠለችው።

መኩሪያ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ማሽኑ ማዕድ ቤት ቆሟል።

«ፍሪጅ አለን እኮ» አለ።

«ዕቃ ማጠቢያ ነው።»

«ለሦስት ሰው?»

«ሦስት ካነሰህ እኔን ቀንሰህ ለሁለት ሰው በለው» አለችና ወደ ጥልፏ ተመለሰች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። እሱ ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ማሽኑን እንደ አራስ ሊጠይቀው መጣ። ገርበብ አድርጎ የሚከፍተው አለ፣ ጀርባውን የሚዳስሰው አለ፣ ሁሉም ግን አስተያየት አለው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ምን ሊጠጣ ነው? መብራት ሲጠፋስ? የጥብስ መጥበሻን ምን ያደርገዋል? ትልቁ የድግስ ድስት እንደሆነ አይገባበትም። ተሾመች ሁሉንም ሰማች። ውሃውን በጄሪካን ለክታ ነበር፤ በሳፋ ስታጥብ ሁለት ጄሪካን የሚፈጀውን ዕቃ ማሽኑ አንድ ጄሪካን እንኳ በማይሞላ ውሃ ያጥበዋል። ይህንን ብትናገርም የሰማት የለም። ሰዎቹ የመጡት ሊያውቁ ሳይሆን ሊከራከሩ ነው።

ከሁሉም የባሱት የመኩሪያ ታላቅ እህት እትዬ ንግስት ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ማዕድ ቤቱ መካከል ቆመው «ደግ፣ አሁንስ ፍስክ ነው። ኅዳር ጾም ሲገባስ? ቅቤ የጠጣ ማሽን የጾም ሳህን ሊያጥብ ነው? ወንድሜን ልታስገድፊው ነው?» አሉ።

ለነገሩ እትዬ ንግስት ከዚያ ቤት ሳህን አንድ ቀን አጥበው አያውቁም። ተሾመች መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እስካሁን የጾሙንም የፍስኩንም ሳህን ያጠበው ይሄው የኔ እጅ ነው። ጾም ሲገባ እጄን የምቀይር ይመስልዎት ነበር?»

«አፍ አውጥተሻል። ሴት ልጅ ብትወልጂ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብለው ሄዱ።

ይቺ ንግግር ተሾመችን እርር ድብን አደረገቻት። ሴት ልጅ! ማለትም ሌላ እጅ። ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ፊደል አስቆጥራ፣ ከሳፋው ፊት ልታቆማት። እግዜር ያቺን ያልተወለደች ልጅ ስለማረልኝ ተመስገን አለች በልቧ።

ያም ሆኖ ማሽኑ ሁለት ሳምንት ሠራ። የተሾመች ጣቶች መግጠም ጀመሩ። ቀሚሱን በሌላ መነን ከአዲስ ጀምራ ደረቱን ጨረሰችው፤ የሙሽራዋ እናትም መጥታ አይታ ፊቷ ፈካ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ በዚሁ ባበቃ። ነገር ግን ጥቅምት አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የነመኩሪያ ሆነ።

ተሾመች ከዋዜማው ጀምራ ቆማ ዋለች። የረዳቻት ጎረቤቷ ሶሬቲ ናት፤ ከሁለት በር አልፎ ያለው ላሞች የሚታለቡበት ጊቢ የእሷ ነው፤ ከተማው ሳይመጣ ጀምሮ ቤተሰቦቿ እዚያው ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ወጡን ሠሩ፣ ጠላውን ጠመቁ፣ ለማኅበርተኞቹ አቀረቡ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ተበላ ተጠጣ። ጨዋታው ሲሟሟቅ የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበርተኛው አጠራር ሙሴው፣ ጋሼ ከበበው «መኩሪያ፣ ይሄ ማሽንህ እውነት በእጅ ከማጠብ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ።

መኩሪያ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቷል። «ለምን አንሞክረውም?» አለ። «ዕቃውን ለሁለት እንክፈለው። ግማሹን ማሽኑ፣ ግማሹን ደግሞ በእጅ።»

ሁሉም ተደሰተ። የእጁን ወገን ማን ያጥባል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። መኩሪያ ማዕድ ቤት ብቅ ብሎ «በይ ተሾመች፣ አሳዪያቸው!» አላት፣ ልክ ክብር እንደሰጣት ሁሉ።

ተሾመች እጇን አየች። ገና ሮዝ የሆነ ቀጭን ቆዳ ነው የገጠመላት። እምቢ ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ ግን አሥራ ሁለት የአቦ ማኅበርተኛ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ፣ ጽዋው ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ ባሏን በጉባኤ ፊት ማዋረድ ሆነባት። እንዲህ ያለችው ሴት ስሟ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ሳፋውን አወረደች። ሚሳኤል የማሽኑን ድርሻ ደርድሮ ቁልፉን ተጫነ፤ እሷ ስፖንጁን ያዘች።

በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሰችው። ሳህኑን፣ ጣሳውን፣ ጭልፋውን፣ የቁሌት ድስቱን ሳይቀር በሽቦ ፈትጋ፣ ሁለቴ አለቅልቃ ደረደረች። ማሽኑ ያኔ ገና ውሃ እያንሿሿ ነበር፤ ሊጨርስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቀረዋል። ማኅበርተኛው ማዕድ ቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ አጨበጨበ። አጨበጨቡላት! ጋሼ ከበበው «እጅሽ ይባረክ! ሙያ ማለት ይሄ ነው» አሏት። እትዬ ንግስት «አላልኳችሁም?» አሉ። መኩሪያ ደረቱን ነፍቶ «በእጅ ይሻላል» ብሎ ፍርዱን ሰጠ፤ የተሻለው እጅ የራሱ ይመስል።

ሳፋው ውስጥ ያለው አረፋ ቀላ ብሎ እንደነበር ያየችው ሶሬቲ ብቻ ናት። «ያ ዋቃ! ተሾሜ፣ እጅሽ!» ብላ ቀሚሷን ይዛ ከማጠቢያው ሳበቻት። ተሾመች እጇን በነጠላዋ ጠቀለለች። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ዝም አለ። ሳህኖቹ ትኩስ፣ ፊታቸውም ጀርባቸውም ንጹሕ ሆነው ወጡ። ለማየት የቆየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት መኩሪያ የማሽኑን ገመድ ነቅሎ ላዩ ላይ ዳንቴል ጣል አደረገበት። «የሚገዛው ሰው አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል» አለ። «አየሽው አይደል? ለዚህ ሁለት ሰዓት መጠበቅ!»

ያን ጊዜ ተሾመች አናቷ ላይ ወጣባት። ግን ጮኸች እንዳይመስላችሁ። መነኗን አጣጠፈች፣ ክሮቿን በየቀለማቸው ሰበሰበች፣ መርፌዎቿን ከነመያዣቸው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ቆማ «እጄን ያገኘሁት ከእናቴ ማኅፀን ነው፣ ከዚህ ቤት አይደለም። ለመኝታ እመጣለሁ። ማዕድ ቤቱን ግን አላውቀውም» አለችና ሶሬቲ ጊቢ ገባች።

ቃሏን ጠበቀች። ጠዋት ትወጣለች፣ ከሶሬቲ ጋር ትበላለች፣ ከላሞቹ በረት ራቅ ብሎ ባለው በረንዳ ላይ ስትጠልፍ ትውላለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። በማዕድ ቤቱ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሽታው ግን ይከተላታል። አንድ ቀን መኩሪያ «ሰው ምን ይለናል?» ቢላት «በእጅ ይሻላል ይለናል» ብላው ተኛች።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አባትና ልጅ ከውጭ እየገዙ በፌስታል በሉ። በአራተኛው ቀን ሻይ መጠጫ አንድም ንጹሕ ብርጭቆ ጠፋ። መኩሪያ ሚሳኤልን ተቆጣ፤ ሚሳኤል ደግሞ የሥራ ፈተና አለብኝ ብሎ ወጣ። መኩሪያ ሳፋው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ጊቢውን ዞሮ ዞሮ ሮቶው ሥር አገኘው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜው አጎንብሶ ዕቃ አጠበ። የደረቀ ሽሮ ምን እንደሆነ አወቀ። ምሳ ሲታጠብ እራት እንደሚመጣ፣ እራት ሲታጠብ ቁርስ እንደሚጠብቅ አወቀ። ሶሬቲ ወተት ስታደርስ በመስኮት እያየችው ለተሾመች ትነግራታለች፤ «ዛሬስ ወገቡን ይዞ እየተራገመ ነበር» ስትል ሁለቱም ይስቃሉ። ተሾመች ትስቃለች እንጂ ንዴቷ አልበረደም። ስቃ ስትጨርስ መርፌዋ ይፈጥናል።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። መኩሪያ በር ላይ ቆሞ «አይሸጥም» ብሎ መለሰው። በዚያው ቀን ሚሳኤልን አስቀምጦ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ጠይቆ ተማረ፤ ዳንቴሉም ተነሳ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መኩሪያ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ጋሼ ከበበውና እትዬ ንግስት ነበሩ። ተሾመችን ከሶሬቲ ጊቢ አስነስተው፣ ሶሬቲም ምስክር ትሁን ብላ ተሾመች ስለጠየቀች እሷንም አስከትለው ቤት ገቡ። ተሾመች ወደ ጎን ተቀመጠች። የጣቶቿ ቁስል ደርቋል፣ ስንጥቁም ገጥሟል። ሰውም ያንን ይጠይቀኛል ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም።

ጋሼ ከበበው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዳር ክቡርነት ጥቂት ተናገሩ። ከዚያ መኩሪያ ተነሳ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሏት ተሾመች ቀና አለች። እሱ ግን ሁሉንም ወደ ማዕድ ቤት ጠርቶ ማሽኑን ከፈተው፤ ውስጡ ሳህን በወግ ተደርድሯል።

«እዩ እስኪ» አለ ጀርባውን መታ መታ እያደረገው፣ እንደ ድሮ መኪናው። «ይሄንን መግዛታችን እንዴት ጥሩ ሆነ! እኔ እኮ አልገባኝም፣ በዚህ ዘመን ሰው እንዴት በእጁ ዕቃ ያጥባል? ወገብ ይቆርጣል፣ ጊዜ ይበላል። ጭካኔ ነው፣ ጭካኔ! እጄን እዩትማ፣ ምን እንዳደረገኝ።»

እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱ ጎን ላይ ትንሽ ደረቅ ነገር ነበር። ጋሼ ከበበው ጎንበስ ብለው አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። እትዬ ንግስትማ «ወይኔ ወንድሜን! እንዲህ ተቃጥለህ ነው ዝም ያልከው?» ብለው ከቦርሳቸው ቫዝሊን አውጥተው ይቀቡት ጀመር። ጾሙም፣ ቅቤውም፣ መግደፉም ተረሳ።

ተሾመች ቆማ አየች። የአንድ ሰው አውራ ጣት በሁለት ሽማግሌ ሲታዘንለት አየች። የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን እዚሁ ቦታ ላይ ያጨበጨቡት እነዚሁ እጆች ናቸው። ልቧ እንዲህ ነዶ አያውቅም፤ ድምጿም እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ለመስማት ሁሉም ጸጥ ማለት ነበረባቸው።

«መኩሪያ» አለች። «አንተ ሳምንት እንኳ በወጉ ሳታጥብ ጭካኔ ነው አልክ። እሺ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሳጥብ ስሙ ምን ነበር?»

መኩሪያ በነጻው እጁ የማሽኑን በር ገፍቶ ዘጋው። የእትዬ ንግስት ጣት የወንድማቸው እጅ ላይ እንዳለ ቆመ። ጋሼ ከበበው ወለሉን አዩ፣ ከዚያ ሚሳኤልን አዩ፤ ሚሳኤልም ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተሾመች በትዕግሥት ጠበቀች። የእውነት መልስ ፈልጋ ነበር የጠየቀችው።

«እንግዲያው ስሙን ስታገኙለት ጥሩኝ፤ ያኔ እንታረቃለን» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ከሶሬቲ ጋር ወጣች፤ የሙሽራዋ ቀሚስ እጅጌው ገና ነበር።